አጋዘን የሚገለብጠው ግንድ

ታምሲን የመጥረቢያው ድምፅ ሳይቋረጥ ለመድረስ ትሮጥ ነበር፤ ጉልበት በሚውጥ በረዶ ውስጥ መንደፋደፍ ሩጫ ከተባለ። የቀሚሷ ጠርዝ በርዶ ደርቆ ቅልጥሟን ይገርፋታል። የባሏን ቆልማማ ገጀራ በብብቷ ሸጉጣለች። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። ከቀበሮ ገደል በኩል ድምፁ ይመጣል፤ ሦስት ምት፣ ዝም። ሦስት ምት፣ ዝም።

በዚህ ደን ውስጥ እንዲህ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በርናቢ ሦስቴ ይመታል፣ ቀና ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ ደግሞ ሦስቴ ይመታል። ባሏ በርናቢ ከሞተ ደግሞ ዓመት ሊሞላው ነው።

የመንደሩ ሰው ነገሩን ፈርዶ ከጨረሰ ቆይቷል። "ነፍሱ አላረፈችም፤ አጋዘኖቹ እንዳይራቡበት እየተነሣ ይቆርጣል" ይላሉ። ሴቶቹ በዚያ በኩል ጭራሮ መልቀም ትተዋል። ወንዶቹ ቀን ቀን ያፌዙና ሲመሻሽ ዞረው ያልፋሉ። ታምሲን ራሷ መጀመሪያ የሰማች ዕለት በሩን በርግዳ፣ በባዶ እግሯ በረዶው ላይ ቆማ "በርናቢ!" ብላ ተጣርታለች። ድምፁ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ አልተጣራችም፤ ሄዳም አላየችም። ብትሄድና እሱ ባይሆን ሁለተኛ ልትቀብረው ነው። አንዴ የቀበረችው መች አነሳትና!

ዛሬ ግን መሄድ ግድ ሆነባት። እኩለ ቀን ላይ የደኑ አለቃ ሰር ጀርቬዝ ለፍርድ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበረዶው ወራት ሣሩ ሲቀበር የንጉሡ አጋዘኖች የሚቀምሱት ያጣሉ። ያኔ ጠባቂው ለጋ ለጋውን አኻያ እየመረጠ ግንዱን ከግማሽ በላይ ይቆርጥና ያጎነብሰዋል። አናቱ መሬት ሲነካ አጋዘኖቹ ቀንበጡንና ልጡን ይግጣሉ፣ ከሥሩም ከነፋስ ይጠለላሉ። ዛፉ አይሞትም፤ ባልተቆረጠችው ልጥ በኩል እየጠባ ይከርምና በጸደይ ያቆጠቁጣል። ተግጦ የደረቀው እንጨት የጠባቂው ድርሻ ነው፤ ወስዶ ያነደዋል። ታዲያ እዚህ ላይ ከጥንት ነገሥታት የወረደ ሕግ አለ። ጠባቂ፣ አውራ አጋዘን በቀንዱ ሊገለብጠው ከሚችለው በላይ የወፈረ እንጨት ለመኖ ብሎ አይቁረጥ። ከዚያ የወፈረ ለአጋዘን ሳይሆን ለምድጃ የተቆረጠ ነው፤ ከንጉሥ መስረቅ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ወንዙ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ወፍ በበረረችበት ትወድቅ ነበርና፣ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ጭስ እያየ ይቀና ነበር።

ባሏ ሲሞት የጠባቂነቱ ሥራ ከነቤቱ እስከ ዘንድሮው ጸደይ ተትቶላታል፤ መንጋውን ካላስጨረሰች ይጸናላታል ተብሎ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ቤቷን ለወንድሙ ልጅ ሲመኝለት የከረመው አጎራባች ጠባቂ ዊልኪን፣ "ከእሷ ክልል የጭን ውፍረት ያለው ግንድ ተጋድሞ አየሁ" ብሎ ከሰር ጀርቬዝ ጆሮ አደረሰ። ግንዱን እሷ አልቆረጠችም። አልቆረጥኩም ብትል ግን "ታዲያ ማን ቆረጠው? ክልልሽን የማታውቂ ምን ጠባቂ ነሽ?" መባሏ ነው። ባሌ ከመቃብር ተነሥቶ ነው አይባል ነገር! በየት በኩል ብትዞር በበረዶ መሃል ሜዳ ላይ መውደቋ ነበር።

ገደሉ አፋፍ ስትደርስ ድምፁ ቆመ።

ከዛፎቹ ሁሉ መጀመሪያ ያየችው ያንን ነው፤ የበርናቢን የመጨረሻ አኻያ። ጎኑ ተከፍቶ፣ ግን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። በርናቢ ማጅራቱን ተመትቶ የተገኘው ከሥሩ ነበር። መርማሪው ከከተማ መጥቶ፣ ከፈረሱ እንኳ ሳይወርድ፣ "ሲቆርጠው ዛፉ ተወርውሮ መታው" ብሎ ፈረደ። ታምሲን ግን ዛፉን አየችው። ገና ሁለት ሦስት ምት የሚቀረው ዛፍ ነው፤ አልጎነበሰም፣ ንቅንቅ አላለም። ያልወደቀ ዛፍ ሰው አይገድልም። የበርናቢ ትንሿ መጥረቢያም ከሬሳው አጠገብ አልነበረችም። ታምሲን ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ገዳዩ ስም የለውማ! ስም ሳይኖራት ብትጮህ ችሎቱ ከሚጠላቸው ድሆች መሃል አንዱን አንስቶ ይሰቅልላታል እንጂ የእሷን ሰው አያመጣላትም። በበጋው ያ አኻያ ቅጠል አወጣ። በርናቢ የከፈተው ቁስል ለምልሞ ስታየው ለብዙ ጊዜ በዚያ ማለፍ አልቻለችም።

አሁን ጎንበስ ብላ አዲስ የተቆረጡትን አየች። አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን። አቆራረጣቸው የበርናቢ ነው። እሱ እንደሚያደርገው ሁሉ ወደ ነፋሱ ጀርባ አጎንብሷቸዋል። ልጡ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። በርናቢ መዳፍ የሚያህል ልጥ ይተው ነበር። እዚህ የቀረችው ሁለት ጣት አትሞላም፤ ብዙዎቹ ተገንጥለው ወድቀዋል፣ በጸደይ አያቆጠቁጡም።

ሙት የገዛ እጁን ሥራ አይስትም። ይህ ሰው ምቱን ያውቃል፣ ዕረፍቱን ያውቃል፣ ወዴት እንደሚያጎነብስ ያውቃል፤ የልጡን ነገር ብቻ አያውቅም። ልጡ ከሩቅ አይታይማ። በርናቢን ተሸሽጎ፣ ከሩቅ፣ ብዙ ጊዜ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ከጠባቂ የሚሸሸግ ደግሞ የንጉሡን አውሬ የሚሰርቅ፣ ቢያዝ ከመግደልም የማይመለስ ሰው ነው።

በርናቢ አልነበረም። ይህን ሁሉ ጊዜ በአልጋዋ ላይ ሆና ያዳመጠችው፣ "እንደው ብርዱ እንዳይጎዳው" ብላ ያዘነችለት፣ ባሏ አልነበረም። ተናደደች፤ ራሷ ላይ ነው መጀመሪያ የተናደደችው።

ቅርፊቱ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ አለ። ከሰል። በጆንያ ጨርቅ የተጠቀለለ እግር ኮቴ ከግንድ ግንድ ይሄድና ተጎንብሰው በተደራረቡት አኻያዎች ሥር ይገባል። የወጣበት ግን የለም። ከዚያው አጠገብ ዊልኪን ያወራለት ግንድ ተጋድሟል፤ በእርግጥም የጭን ውፍረት ያለው። በትከሻዋ ገፋችው፤ ፍንክች አላለም።

"ውጣ" አለች ወደ ጥሻው። "ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ ምን እንዳደረግህ ግን አውቃለሁ።"

በቅርንጫፎቹ መሃል የሰው ትንፋሽ እንፋሎት ቀስ ብሎ ወጣ። ገጀራውን ከብብቷ መዘዘችና አንድ እርምጃ ተራመደች። በዚያው ቅጽበት ከበስተኋላዋ ቀንደ መለከት ተነፋ።

ሰር ጀርቬዝ በግራጫ ፈረስ ላይ ነበር። ሪህ የያዘው እግሩ በሱፍ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን በኮርቻው ጎን ተንጠልጥሏል። ዊልኪን አረንጓዴ የጠባቂ ካባውን ለብሶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ፈረሱን ይስባል።

"እመት ታምሲን" አለ ሰር ጀርቬዝ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ። "እኩለ ቀን ብዬ ነበር። እግሬ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ካልተኛሁ አይቀር ልፍረድ ብዬ መጣሁ።"

"ይኸውልዎ ጌታዬ!" አለ ዊልኪን፣ ግንዱን በእግሩ እየመታ። "ይህ የአጋዘን ምሳ ነው ወይስ የጎተራ ምሰሶ?"

"ማን ቆረጠው?"

ታምሲን ጥሻውን ላለማየት ዓይኗን ከሰር ጀርቬዝ ፊት አልነቀለችም። "እኔ ነኝ ጌታዬ።"

ዊልኪን ሳቀ። "አንቺ? ይህን? እቴ፣ ዳቦውንስ ማን ነው የሚቆርስልሽ?"

"ምላስህንም እቆርጠው ነበር አያ ዊልኪን፤ ቶሎ የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ተቸገርኩ እንጂ።"

ሰር ጀርቬዝ ሳቁን በሳል ሸፈነው። "በቃ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ፈራጁ አጋዘን ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ከነፋሱ በታች እንሸሸጋለን። አጋዘኑ ሞክሮ እስኪጨርስ የሚናገር፣ የሚነቃነቅ፣ እንጨቱን የሚነካ ሰው የለም። ከገለበጠው ቤትሽ ትገቢያለሽ። ካልገለበጠው..." አልጨረሰውም። ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይወዱም።

ከቁልቁለቱ ባለ እሾህ ቁጥቋጦ ጀርባ ተቀመጡ። ፈረሱን ራቅ አድርገው አሰሩት። ታምሲን የሚያስጨንቃት ግንዱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ጥሻ ሥር አንድ ሰው ተኝቷል፤ ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ጣቷን ብትቀስር የባሏ ገዳይ አሁኑኑ በዊልኪን እጅ ነው። ግን "እኔ ቆረጥኩት" ብላለች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውየውን ካወጣችው ቃሏ ውሸት ይሆናል፤ ቤቷም አብሮ ይሄዳል። ቆይ፣ ትንሽ ይቆይ አለች በልቧ። ዓመት የቆየ ነገር ነው።

"በርናቢ ቢመጣስ?" አለ ዊልኪን በሹክሹክታ። "ባልሽ በሕይወቱ ዘመን እንዲህ ተግቶ አያውቅም።"

"ሽሽ!" አለ ሰር ጀርቬዝ።

መጀመሪያ የመጡት እንስቶቹ ናቸው፤ ጎናቸው ገብቶ አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ግን በእግራቸው የሚሄዱ። ከዊልኪን ክልል ያሉት ግማሾቹ በበረዶው ሥር መቅረታቸውን ታምሲን ታውቃለች፤ ሰር ጀርቬዝም ሳያውቅ አይቀርም። ወደ ጥሻው ያለ ፍርሃት ቀረቡ። የሰውየው ሽታ አላስበረገጋቸውም፤ ማን እንደሚያበላቸው ካወቁ ቆይተዋል።

በመጨረሻ አውራው መጣ። ትልቅ ነው፤ የቀኝ ቀንዱ አንድ ቅርንጫፍ ተሰብሯል። ግንዱን አሸተተ፣ የላዩን ልጥ ጋጠ። የላዩ ሲያልቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቀንዱን ከግንዱ ሥር ከተተ፤ የሥሩን ልጥ ፈልጎ። አጋዘኑ ገፋ። ግንዱ ሩብ ያህል ተንከባለለ፣ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ቀንዱ ከግንዱና ከጉቶው መሃል ተቀርቅሮ ቀረ።

አውራው አበደ። የኋላ እግሮቹ በረዶውን ይፍቃሉ፣ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ነጩ ብቻ ይታያል። አንድ ጊዜ እንኳ በኃይል ቢጠመዘዝ አንገቱ ይሰበራል። ታምሲን ሳታስበው ብድግ አለች። ሰር ጀርቬዝ እጅጌዋን ያዘ። "ከነካሽው ተረታሽ" አላት ቀስ ብሎ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ያኔ ጥሻው ተከፈተ።

ሰውየው ከጎበጡት አኻያዎች ሥር በረዶና ደረቅ ቅጠል ተሸክሞ ተነሣ። ፊቱና እጁ ጥቁር ነው። ዊልኪን "በስመ አብ!" ብሎ በጀርባው ወደቀ። ሰውየው ወደ ቁጥቋጦው አላየም፤ መጥረቢያውን ጣለና በአጋዘኑ ጎን ተንበረከከ፣ ትከሻውን ከግንዱ ሥር አስገባ፣ አንዳች ነገር እያንሾካሾከ። ሲያነሣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። አጋዘኑም አብሮት ገፋ። ግንዱ ተንቋቋ፣ ተነሣ፣ በጀርባው ተገለበጠ። አውራው ቀንዱን አወጣና ዘሎ ሄደ፤ ርቆ ግን አልሄደም፤ ቆሞ ወደ ሰውየው ዞሮ አየው።

ላምበርት ነበር፤ የታችኛው ሸለቆ ከሰል አክሳይ። በርናቢ የተቀበረ ዕለት አንድ ጆንያ ከሰል በሯ ላይ አኑሮ ሳይናገር የሄደው ላምበርት። ያኔ "እግዜር ይስጥህ" ብላ ከኋላው ጮኻለች።

ዊልኪን ጠመንጃውን አነጣጥሮ ወጣ፤ የደነገጠ ሰው ሲደፍር አያድርስ። "ሌባ! ጌታዬ፣ አላልኩም? ቆይ... ቆይ እስቲ።" መጥረቢያዋን ከበረዶው አነሣ። "እጀታዋ ላይ የናስ ቀለበት ያላት! ይቺ የበርናቢ አይደለችም እንዴ?"

ሰር ጀርቬዝ እያነከሰ ቀረበ። መጥረቢያዋን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየ። "ያኔ ከሬሳው ጋር መጥረቢያ አልተገኘም ነበር" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። "ከንክኖኝ ነበር። አንተ፣ ስምህ ማን ነው?"

"ላምበርት ጌታዬ።"

"ይህን ከየት አገኘኸው ላምበርት?"

ላምበርት ታምሲንን አየ። አልለመናትም። ሸክሙን የሚያወርድበት ድንጋይ ያገኘ ሰው ፊት ነው ያየችው። አፉን ሊከፍት ነው።

ዓመት ሙሉ የፈለገችው ስም ይኸው ነው። አንድ ቃል ብትጨምርበት ሰውየው እስከ ጸደይ አይቆይም። ልቧ "በይው!" ይላታል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ስቅላቱን በዓይኗ ማየት ተመኝታለች። ከበስተጀርባ ግን መንጋው ወደ ግንዱ ተመልሶ የተገለበጠውን ልጥ መጋጥ ጀምሯል። ልጡ ሲላጥ ይሰማታል። ከዚህ ሌላ ደግሞ አንድ ነገር መጣባት፤ ነገ ጎህ ሲቀድ የሚኖረው ዝምታ። ሦስት ምት የሌለበት ንጋት።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለች።

"ምን?" አለ ዊልኪን።

"መጥረቢያዋ በርናቢ ሲሞት ቤት ነበረች። መርማሪው አልጠየቀኝም፣ አልተናገርኩም። ላምበርት ቆራጬ ነው። ዳቦዬን የሚቆርስልኝ ማን እንደሆነ ጠይቀኸኝ አልነበር አያ ዊልኪን?"

ሰር ጀርቬዝ አያት። ያመናት አይመስልም። ቀና ብሎ መንጋውን አየ፣ ከዚያ ዊልኪንን። "ሕጉ" አለ በመጨረሻ፣ "አጋዘን በቀንዱ የሚገለብጠው ይላል። ሲገለብጠው አይቻለሁ።"

"ጌታዬ! ሰው እኮ አግዞት ነው!"

"ብቻውን የሚል ቃል እኔ አላነበብኩበትም። እንጨቱን አትንኩ ያልኩት ደግሞ ከእኔ ጋር ለተሸሸጉት ነው። አንተ አንብበህ ከሆነ ችሎት ላይ ታሳየናለህ፤ ያን ዕለት በአንተ ክልል የሞቱትንም እንቆጥራለን።" ዊልኪን ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ሰር ጀርቬዝ መጥረቢያዋን ለታምሲን አስረከባትና ወደ ፈረሱ እያነከሰ ሄደ።

ኮቴያቸው እስኪርቅ ሁለቱም አልተነቃነቁም።

"ለምን?" አለ ላምበርት።

"የምትጠይቀው አንተ አይደለህም። እንዴት ነበር?"

"ወጥመዴ ላይ ያዘኝ።" ጥቁር እጆቹን እያየ ነበር የሚናገረው። "'ሂድ፣ አላየሁህም' አለኝ። ጀርባውን ሰጠኝና ጎንበስ አለ። ቀንደ መለከቱን አንስቶ ሊነፋብኝ መሰለኝ። ጠባቂ ሰው ለቅቆ ያውቃል? ያታለለኝ መሰለኝ፤ በያዝኩት ዱላ..." እጆቹን ጨበጠ። "ቀንደ መለከቱ ለካ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ኋላ ነው ያየሁት። ጎንበስ ያለው መጥረቢያዋን ሊያነሣ ነው። ዛፉን ሊጨርስ።"

ታምሲን አለቀሰች። "አላየሁህም" የሚለው ቃል የእሱ ነው፤ የበርናቢ ነው፤ ሌላ ማንም አይለውም። ስንቱን ሌባ እንዲህ እያለ ሲለቅ፣ እራት ላይ ስትቆጣው፣ አንገቱን ደፍቶ ሾርባውን ሲጠጣ ታየችው። ዓመት ሙሉ ያላገኘችው ባሏ በገዳዩ አፍ መጣላት።

መጥረቢያዋን ላምበርት እግር ሥር ጣለችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችውና ወደ ቆመው አኻያ ዞራ ጎንበስ አለች። በርናቢ የቆመው እዚህ ነው። የተከፈተውን ጎን በእጇ ዳበሰች። ከኋላዋ በረዶው ሲንቋቋ፣ መጥረቢያዋ ስትነሣ ሰማች። ማጅራቷ ቀዘቀዘ። አልዞረችም።

የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ሳግ የተቀላቀለበት።

"ይቅር አላልኩህም" አለች ሳትዞር። "አልልህምም፤ እንዳትጠብቅ። በበረዶው ወራት ሁሉ ጎህ ሲቀድ ትመጣለህ። ሦስቴ ትመታለህ፣ ታርፋለህ። አንተም እኔም እስክንሞት። ያልሰማሁህ ዕለት ሰር ጀርቬዝ በር ላይ ነኝ።"

"እሺ እመቤቴ።"

"ና ወዲህ።" ጥቁር እጁን በአንጓው ያዘችው። መያዙ አንገሸገሻት፤ ቢሆንም አለቀቀችም። መዳፉን ባልተቆረጠው ልጥ ላይ ዘርግታ ተጫነችው። "ይህን ያህል ትተዋለህ። አንተ በሁለት ጣት ስትገድላቸው ከርመሃል።"

ላምበርት አኻያውን ሽቅብ አየ። "ይህንንስ? ልጨርሰው?"

"ይህን አትንካው።"

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ነቅታ ጠበቀች። ምድጃው ጠፍቷል፣ የመስኮቱ ውርጭ ወፍሯል። ከቀበሮ ገደል በኩል መጣ፤ ሦስት ምት፣ ዝም። ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ስሙን፣ ጥቁር እጁን፣ ያደረገውን ታውቃለች። ሆኖም በዝምታው መሃል፣ እዚያ ቆሞ ትንፋሹን ለሚሰበስበው ሰው፣ እንደ ድሮዋ ብርድ ልብሱን አገጯ ድረስ ስባ፣ "ደክሞህ ይሆናል በርናቢ" አለች። "ትንሽ ዕረፍ።"